ስለ እንጨት ፈረሶች ናፍቆት

ስለ ጥንታውያን የመጫወቻ መሣሪያዎች መጥፋት የሚጻፈው አብዛኛው ከናፍቆት አልፎ ወደ ምርመራ አይደርስም። «ኤል ዶራዶ» የተባለውን ተሽከርካሪ የእንጨት ፈረሶች መጫወቻ እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተሠራ፤ በ1911 ወደ ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ተሻገረ። የነበረበት ስቲፕልቼዝ በ1964 ከተዘጋ በኋላ የቶኪዮው ቶሺማኤን ገዛው፤ ከ1971 እስከ 2020 በዚያ አገለገለ። ይህም ሲዘጋ ተፈታትቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ናፋቂው «የእኛ» ሲል የማን ማለቱ ነው? ሦስት አገር ተጫውቶበታልና። ዋናው ጉድለት ግን እንጨቱንና ቀለሙን ብቻ መቍጠሩ ነው። ፈረሱ በመጋዘን ይቈያል፤ ጨዋታው ግን ያለ ተጫዋች አይቈይም። ስለዚህ አጥኚው ከልቅሶው አስቀድሞ፣ የኮኒ አይላንዱን ዘመን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ ቃላቸውን ይጻፍ።