«ብርድ ነው»

ታክሲ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው የሚደርስበትን ታውቃላችሁ። «ኧረ ዝጋው፣ በብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!» ከኋላ ወንበር አንዱ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ያስላል፤ እሱን የሚፈራ የለም። ነቀርሳ የሚወደው እንዲህ ያለውን የታፈነ አየር መሆኑን የሳንባ ሐኪሞች ስንቴ ይንገሩን?

አክስቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። መስኮት በሌላት ኩሽና፣ በእንጨትና በኩበት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራለች። ሳል ሲጀምራት «ብርድ ነው» ተባለና ዝንጅብሉም ዳማከሴውም ተሞከረ። ቀጥሎ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። አክታዋ ላይ ምንም ሳይገኝ የነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ዋጠች። ሳሉ ወይ ፍንክች! ያተረፈችው ጎረቤት ስኒዋን እንዲለይባት ብቻ ነው።

በስንት መከራ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ልጅ እግር ነው። «እማማ፣ እንጀራ የሚጋግሩት በምንድን ነው?» አላት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም። ከዚያ በቱቦ በኃይል አስተነፈሳት፤ መሣሪያው በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንደሚወጣ ይለካል። የአየር ቧንቧዎቿ በጭስ ጠበዋል። ነቀርሳ አልነበረም።

እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ የጥቁር አንበሳው የሁለት ዓመት ሥልጠና የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ ኦክስጅን፣ ቬንቲሌተር የሚሉ ቃላት ሁላችንም ለመድን፤ ሐኪሞቹንም አጨበጨብንላቸው። ጭብጨባው ሲያበቃ ወደ «ብርድ ነው» ተመለስን። አሁንም የሳንባ ሐኪም የመጨረሻው ፌርማታ ነው፤ ከጠበልም፣ ከፋርማሲውም፣ ከተሳሳተውም ሕክምና በኋላ።

ታዲያ ሐኪሞቹንም ዝም ብለን አናልፋቸውም። አክስቴ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ተቀብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ይሄማ ሱስ ያስይዛል፤ የመጨረሻ ሲሆን ነው የሚሰጡት» አለች። የወሬ ነገር! ግን በዚያች ቀን አምስት ደቂቃ ወስዶ ያስረዳት አልነበረም። ስትጠቀምበትም አሳሳቡን አላወቀችበትም፤ ግማሹ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ወረቀት ላይ መጻፍና እጅ ይዞ ማሳየት ለየቅል ናቸው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በትክክል ያልተሳበ መድኃኒት ሳንባ አይደርስም፤ ገንዘቡ ግን ከኪስ ወጥቷል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ ፊቱ ሦስት ጊዜ አስሳባት። የተጎዳው ሳንባ እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ ጭሱ ካልቀነሰ ግን እንደሚብስ ነገራት። ኩሽናዋን መስኮት አስወጣችለት። ቡና ሊጠጡ የሚመጡት ጎረቤቶቿ ግን ገና ከመግባታቸው ይዘጉታል፤ ብርድ እንዳይመታት።