ጥለቱ ምን ይናገራል? የሽሮ ሜዳ ሸማ እና ምልክትን የማንበብ ኃላፊነት

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ በሀገር ልብስ ገበያነቱ ይታወቃል። በአካባቢው ከሰፈሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ መነሻቸው የጋሞ ደጋ፣ በተለይም ዶርዜ ነው። ከእጃቸው የሚወጣውን ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ በዒድ ሰሞን ሙስሊሙም ይገዛዋል። ከግዢው በኋላ ግን ወደ ኢማሙና ወደ መድረሳው መምህር የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በጥለቱ መካከል መስቀል የሚመስል ቅርጽ አለበት፤ ብለብሰው፣ ብሰግድበት ይፈቀድልኛልን?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ምልክት ኃይሉን ከወዴት ያገኛል፣ ትርጉሙንስ የሚወስነው ማን ነው የሚሉ ታላላቅ ጥያቄዎችን አዝሏል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ጨርቅ ጨርቅ ነው፤ ቅርጽ የሰውን ልብ አይለውጥም» ይላል። ሁለተኛው ሁለት መስመሮች በተቋረጡበት ሁሉ መስቀል ያያል፤ ከዚያም አልፎ ነጭ ሸማን በጠቅላላው የሌላ ሃይማኖት ልብስ አድርጎ ይተወዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም መልሶች ሸማውን ሳያነቡ ይፈርዳሉ።

የመጀመሪያው መልስ በሐዲስ ፊት አይቆምም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ የመስቀል ቅርጽ ያለበትን ነገር ሳያፈርሱ አይተዉም ነበር። ዘገባው በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ይገኛል። በዚያው ስብስብ የአቡ ጀህም ልብስ ታሪክም ተላልፏል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ባለው ልብስ ከሰገዱ በኋላ ጌጡ ሐሳባቸውን ከሶላት እንደሳበው ገልጸው፣ ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲመለስ፣ በምትኩም ጌጥ የሌለው ልብሱ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ስለዚህ ቅርጽ በዓይን በኩል ወደ ልብ እንደሚገባ ሱናው ራሱ ይመሰክራል።

ሁለቱ ዘገባዎች ግን አንድ ጉዳይ አይናገሩም። በመጀመሪያው ዘገባ ምልክቱ የሚሰብከው እምነት አለ፤ የተወገደውም ስለዚያ ነው። በሁለተኛው ውስጥ መስቀል አልተጠቀሰም፤ ያለው ጥለት ነው፣ ችግሩም የሰጋጁ ትኩረት ነው። ልብሱ አልተቀደደም፣ ሐራምም አልተባለም፤ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ምስል የነበረበት የዓኢሻ (ረ.ዐ.) መጋረጃም ተቀድዶ መደገፊያ ትራስ ሲሆን በቤት ውስጥ ጥቅም ላይ ውሏል። ከሦስቱ ዘገባዎች የምንረዳው፣ ቅርጹ ምንድን ነው ከሚለው ጋር ምን ይናገራል፣ የት ተቀመጠ፣ በማን ላይ ምን ያደርጋል የሚሉት አብረው እንደሚጠየቁ ነው። «ጨርቅ ጨርቅ ነው» የሚለው ሰው እነዚህን ሁሉ ዘሏቸዋል።

ሁለተኛውን መልስ የሚፈትነው ደግሞ ሸማው ራሱ ነው። ሸማ ድርና ማግ ተቋርጠው የሚፈጥሩት ጨርቅ ነው። ሸማኔው ጥለቱን የሚያወጣው ክር እየቆጠረ በመሆኑ ቅርጾቹ በአብዛኛው ማዕዘን ያላቸው ናቸው። አራት ማዕዘን፣ ሰያፍ ማዕዘን፣ ደረጃና የተቋረጠ መስመር ከዕቃው ጠባይ ይወለዳሉ። እነዚህን ሁሉ መስቀል ማለት በሽመና ላይ ያልተባለውን ማስባል ነው። በሌላ በኩል በሴቶች ቀሚስ ፊት ከደረት ጀምሮ በሚወርደው ጥለት ላይ ለብቻው ጎልቶ የሚታይ፣ የሠራውም የገዛውም ያየውም በአንድ ቃል «መስቀል» ብሎ የሚጠራው ቅርጽ አለ። ይህ ከዕቃው ጠባይ የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተቀመጠ የእምነት ምስክርነት ነው። ለክርስቲያኑ ወገናችን የተከበረ ነው፤ ሙስሊም ግን የእርሱ ያልሆነውን ምስክርነት በደረቱ ላይ ሊሸከም አይገባውም። ሁለቱን መለየት የመምህሩ ሥራ ነው።

ሸማ የሚናገረው በጥለቱ ብቻም አይደለም። የሀገራችን ሰው ነጠላን ለሐዘን ሲያዘቀዝቀው፣ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ሲያጣፋው፣ ለሥራ በወገቡ ሲያስረው አንዱ ጨርቅ የተለያየ ነገር ይናገራል። መልእክቱ ያለው በአለባበሱና ያንን አለባበስ በሚያነበው ኅብረተሰብ ዘንድ ነው። ልማድ ፈራጅ ነው የሚለው የፊቅህ መርሕ እዚህ ላይ ሙሉ ቦታ አለው።

አንዳንዶች መፍትሔው በመስቀሉ ቦታ ጨረቃና ኮከብ ማሸመን ነው ይላሉ። ሐሳቡ በቅንነት የመጣ ቢሆንም ምልክትን በምልክት ከመተካት አያልፍም። ጨረቃን የሃይማኖታችን ዓርማ ያደረገው ወሕይ አይደለም። ሱረቱል በቀራህ 189ኛው አንቀጽ ስለ አዲስ ጨረቃዎች ሲናገር ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ መለኪያዎች መሆናቸውን ነው የሚገልጸው። በሀገራችንም የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ሳንቲሞች አናት ላይ ጨረቃ ከክብ ቅርጽ ጋር ይታይ ነበር፤ ከተቀበለ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። ይህ የሆነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመላካቸው ወደ 300 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። ዛሬ በሚናራ ላይ የምናየው ቅርጽ ያኔ የሌላ አምልኮ ምልክት ነበር። ቅርጹ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ያውቁ ነበር። በሙስሊሞች እጅ ለአሥርታት የቢዛንታይንና የፋርስ ሳንቲሞች ከነምስላቸው ይዘዋወሩ ነበር። በኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ዘመን ከቢዛንታይን ወርቅ የተቀዳው መስቀል መጀመሪያ አግድሙ ተነሥቶለት በደረጃ ላይ የቆመ ዘንግ ሆነ። በ77 ዓመተ ሂጅራ ግን ምስሉ ሁሉ ቀርቶ ዲናሩ በጽሑፍ ብቻ ታተመ። ኢብን ኸልዱንም በ«ሙቀዲማ» ስለ ጢራዝ፣ ማለትም በነገሥታት ልብስ ጠርዝ ላይ ስለሚሸመነው ጥለት፣ ሲጽፉ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩናል። ከእስልምና በፊት የነበሩ ነገሥታት ምስላቸውን ያሸምኑበት ነበር፤ የሙስሊም ገዥዎች ግን ምስሉን ትተው ስማቸውንና መልካም ቃላትን አስጻፉበት። ጥበቡንና ጨርቁን አልጣሉም፤ ጥለቱ የሚናገረውን ለወጡ።

ወሕይ ያጸናቸው ምልክቶች ግን የተለየ ቦታ አላቸው። ሱረቱል ሐጅ በ32ኛው አንቀጹ የአላህን ሸዓኢር ማክበርን ከልብ ተቅዋ ጋር ያያይዘዋል። ሶፋና መርዋ ሸዓኢር የሆኑት አላህ ስላደረጋቸው ነው እንጂ ኮረብታ ስለሆኑ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ጥቁሩን ድንጋይ በሳሙ ጊዜ ድንጋዩ በራሱ እንደማይጠቅምና እንደማይጎዳ፣ የሚስሙትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲስሙት ስላዩ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ሰሐባው ምልክቱን አከበሩ፤ ኃይሉን ግን ለድንጋዩ አልሰጡም። ሸዓኢር በልማድ አይሻሩም፤ በልማድ የቆመ ምልክት ደግሞ የሸዓኢርን ክብር አይወስድም። ጨረቃን በልብስ ላይ የእምነት ማረጋገጫ ስናደርግ ይህ ድንበር ይደበዝዛል።

ጉዳዩ ከአንድ ቀሚስ የሚያልፍበት ምክንያትም አለ። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሙስሊሞች በአመዛኙ ከርስት መሬት ተገልለው ስለነበር ኑሯቸውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከወሰነ በኋላም የጎንደር ሙስሊም ነጋዴና ሸማኔ ሆኖ ቀጠለ። የትግራይ ጀበርቲም በሽመና የታወቀ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ምእመን ከለበሰው ነጭ ሸማ ውስጥ በሙስሊም እጅ የተሸመነው ጥቂት አልነበረም። ነጩን ሸማ በጠቅላላው «የእነርሱ ነው» ብሎ የሚተው ሰው የገዛ አያቶቹን ሥራ አሳልፎ ይሰጣል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ል. በአዲስ አበባ በተካሄደው ታላቅ ሰልፍ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የስም ጥያቄ ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል። ከሰልፉ በኋላ በዚያው ዐሥርት ዓመት ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ስምም በዓልም ምልክት ናቸው፤ አባቶቻችን ባለቤትነታቸውን በምልክት ጠየቁ፣ በምልክትም ተመለሰላቸው። የሀገርን ልብስ ያለ ማስተዋል መተው በዚያ ቀን የተጠየቀውን በገዛ እጅ መመለስ ይሆናል።

ስለዚህ ጠያቂው ልብሱን ይዞ ሲመጣ ኢማሙ ጥለቱን ዘርግቶ ይመልከት። ቅርጹን የሠራው፣ የሸጠው፣ የሚያየውም ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት ይጠይቅ። መስቀል ከተባለና መስቀልነቱ ግልጽ ከሆነ ይፈታ ወይም ይለወጥ፤ ጥለት የሚፈታ ነገር ነውና ሸማው አይጣልም። ማዕዘን ብቻ ከሆነ ይለበስ፤ ዓይን የሚስብ ከሆነ ለዒዱ ጉብኝት ይቆይና ለሶላት ተራው ነጠላ ይመረጥ። ለሚቀጥለው ዒድ ደግሞ ጠያቂው አስቀድሞ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውረድና ለሸማኔው የሚፈልገውን ጥለት ነግሮ ያሠራ። ሸማኔው በትእዛዝ ይሠራል፤ እስካሁን በጥለቱ ላይ የእኛ ድምፅ ያልተሰማው ስላላዘዝን ነው።