ከምሰሶ እስከ ምሰሶ

በሰቆጣ አሮጌ ሰፈር «ምሰሶ» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ደጅ የቆመው የስልክ ምሰሶ ነው፤ አናቱ ላይ ትርፍ ገመድ የተጠቀለለበት። ሌላው ቤት ውስጥ ያለው፣ ጣራውን ተሸክሞ በጭስ የጠቆረው ነው። ኢንተርኔት ለማስገባት የተጠራ የመስመር ባለሙያ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለችው ርቀት ናት። ሃምሳ ሜትር እንኳ ላትሞላ ትችላለች። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ተራራውን ሁሉ አቋርጦ የመጣ መስመር ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው።

ደንበኛው በፍጥነቱ ይጀምራል፤ «ስንት ሜጋ ታስገቡልኛላችሁ?» ይላል። ሥራውን የለመደ ባለሙያ መልሱን ዋጥ አድርጎ ቤቱን ይዞራል። የጣራው ክዳን የት ጋ እንደሚያልቅ፣ ወራጁ ምስጥ በልቶት እንደሆነ፣ ዝናቡ በየት በኩል ግድግዳውን እንደሚመታ፣ ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ የማንን ግቢ እንደሚሻገር ያያል። ቴሌቪዥኑ የት እንደተቀመጠ የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቡናው ቀርቦ፣ አቦሉ ሲጠጣ።

ሰቆጣ የዋግ ገዥዎች፣ የዋግሹሞች፣ መቀመጫ የነበረች፣ በአሞሌ ጨው ንግዷ ስሟ የወጣ የድሮ ገበያ ከተማ ናት። የጥንት ቤቶቿ ድንጋይና ጭቃ ናቸው። በትግራይና በዋግ ህድሞ የሚባለው ቤት ጣራው ሳይቀር አፈር ነው፤ ብዙው ቤት ግን ኋላ ላይ ቆርቆሮ ለብሷል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ክንድ ከስንዝር ሊወፍር ይችላል፤ በብሎኬት ቤት ላይ ሥራ የተማረ ወጣት የመጀመሪያ ሽንፈቱን የሚያየውም እዚህ ነው። አጭሩ ፑንታ መሀል ላይ ያልቅበታል። ረጅሙን ሲያመጣ ደግሞ ጭቃውን በደቂቃ በስቶ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ግፋ ቢለው ድንጋዩ ይነቃነቃል፤ ከውስጥ በኩል ልስኑ ተገምሶ መደቡ ላይ ይወድቃል። የቤቱ ባለቤት፣ ግድግዳውን በየዓመቱ በእጃቸው የሚለቀልቁት እናት፣ «ልጄ፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነው እንዴ?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

የሚሻለው ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጠምበትን መስመር ፈልጎ በዚያ መግባት ነው። ጭቃ ግድግዳን በጣት ኳ ኳ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል፤ ድንጋይ ያለበትና ጭቃ ብቻ ያለበት ድምፃቸው ይለያያል። ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ያለበለዚያ የነሐሴ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ጓዳ ይገባል። ገመዱም ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ይነሳል፤ ውኃው ረገብ ያለችው ቦታ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር ነው። ጭቃ ፊሸርና ብሎን አይዝም። ገመዱ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ መታሰር ያለበት ከማገሩ ወይም ከወራጁ ላይ ነው፣ ያውም ጤነኛ ከሆነው።

የግድግዳው ነገር እንዲህ ነው። ወረቀቱስ?

አሮጌ የከተማ ቤት ከባለቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በየከተማው «የቀበሌ ቤት» የሚባል ዓይነት ተፈጠረ። በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት ቢቀመጥበትም ግድግዳ ለመብሳት የሚጠይቀው አካል ሊኖር ይችላል። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጭ አገር ይሆናሉ፤ ካርታው በሟች አባት ስም ነው። ተከራይ ከሆነ ውል ይጠየቃል። ብልህ ባለሙያ ይህን ሁሉ የሚጠይቀው መሰላሉን ከመኪና ሳያወርድ ነው። ገመዱ በጎረቤት ግቢ ላይ የሚያልፍ ከሆነም ጎረቤቱን ሄዶ የሚያናግረው ራሱ ባለቤቱ ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ እድር ያሉ ሰዎች የሚነጋገሩትን ዩኒፎርም የለበሰ እንግዳ አይነጋገረውም።

አድራሻም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቤት ቁጥር በማይነገርበት ከተማ ወደ ቴሌ የደንበኞች መስመር 994 ደውሎ ቤትን ማስረዳት ሥነ ቃል ይፈልጋል፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። ቅርብ ያለ ጎረቤት የቆየ የቤት ስልክ ካለው፣ በዚህ በኩል በ033 የሚጀምረውን ቁጥር፣ እሱን ማስያዝ ነው። ቁጥሩ ከየትኛው ሳጥንና ከየትኛው ጥንድ ሽቦ እንደመጣ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ባለሙያው ሰማያዊውን በር ሲፈልግ አይውልም።

አሮጌ ቤት አንዳንዴ አሮጌ የስልክ ሽቦም ይኖረዋል፤ ይኼ ጸጋም ወጥመድም ነው። በአገራችን የስልክና የቴሌግራፍ ታሪክ የሚቆጠረው ከምኒልክ ዘመን፣ ከ1887 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ የመጣውም በዚያው ለድምፅ በተዘረጋ የመዳብ ጥንድ ላይ ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው ዘዴ ከተሻሻለ በኋላ ማዞሪያው አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ቢት ድረስ ይሰጣል። አምስት ኪሎ ሜትር ከራቀ ግን አንድ ወይም ሁለት ሜጋ ከተገኘ ጥሩ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የሽቦው ርዝመት ነው፤ ሽቦ ደግሞ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ሰው ዞሮ ነው የሚመጣው።

ከዚያ የቤቱ ውስጥ አለ። አባት ሳሎን፣ ልጅ መኝታ ቤት፣ ሱቁም ደጅ ላይ ሆነው በአንድ መስመር ያስቀጠሏቸው ፓራለል ስልኮች አሉ። አንዷ ያለ ማጣሪያ ከተረሳች ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል፤ ደንበኛውም ካምፓኒውን ይረግማል። ጥፋተኛው ግን ያቺው ስልክ ወይም በጭስ የጠቆረ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ መገጣጠሚያ ነው። ልምድ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ሲያገኝ አይጠጋግንም። ከመግቢያው ላይ የድሮውን ሁሉ ቆርጦ ሞደሙን በአንድ አዲስ ሽቦ ብቻ ያገናኛል፤ መስመሩ መሥራት አለመሥራቱም ያኔ ነው የሚታወቀው። ክረምት ላይ መዳብ ሌላም ጠባይ አለው፤ መብረቅን ይዞ ይመጣል። በደጋው ነጎድጓድ ሞደሙ የተቃጠለበት ሰው ሰማዩ ሲጠቁር ሽቦውን መንቀል ከማንም ሳይማር ያውቃል።

ፋይበር ከዚህ ሁሉ ይገላግላል፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። የራሱ ስስነት ግን አለው። የመስታወቱ ክር ውፍረት 125 ማይክሮ ሜትር፣ የፀጉር ያህል ነው። በተለመደው የቤት ፋይበር አሠራር ከጣቢያው የሚወጣው ብርሃን ለ32 ቤት ሊከፈል ይችላል፤ ያ ክፍፍል ብቻ 17 ዴሲቤል ያህል ይበላል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት መሆኑን ላሰበ፣ ቤት የሚደርሰው ምን ያህል ጭላንጭል እንደሆነ ይገባዋል። ደንበኛው ቤት ያለው መሣሪያ እስከ −27 ዲቢኤም ድረስ የደከመ ብርሃን ያያል። ጠንቃቃ ባለሙያ ግን መለኪያው −25 ካሳየው መሰላሉን አያጥፍም፤ ዛሬ ቢሠራም ገመዱ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት እንደሚዳከም ያውቃል።

ያ የጎደለው ብርሃን የት ጠፋ? ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም። በድንጋዩ ጥግ ላይ አለቅጥ የታጠፈ ገመድ፣ በሚስማር ተጨፍልቆ የታሰረ ቦታ፣ ወይም የጤፍ ገለባ ብናኝ ያረፈበት ጫፍ ነው። ለመታጠፍ ተብሎ የተሠራው የተለመደው ዓይነት እንኳ ከ7.5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ በታች አይወድም። ቀይ ብርሃን የምትረጨውን ትንሽ ባትሪ በአንድ ጫፍ ሲያበሯት፣ የተሰበረው ቦታ በጨለማው ቤት ውስጥ እንደ ፍም ይቀላል፤ ልጆች ይህን ለማየት ይሰበሰባሉ። ጫፉን በአልኮል መጥረግ የሚረሳ ግን ሙሉ ቀን ብልሽት ሲፈልግ ይውላል። ምድጃ ባለበት ቤት ጫፍን ክዳኑን ከፍቶ ማቆየት፣ እውነት ለመናገር፣ ስንፍና ነው።

በዋግ ለብዙው ቤት ግን ጥያቄው ከዚህ ቀድሞ ያልቃል። «ፖርት ሞልቷል» ወይም «መስመር አልደረሰም» ይባላል። እዚህ ላይ የባለሙያው ሐቀኝነት ይፈተናል። ደንበኛውን ወር ሙሉ ተስፋ ከመመገብ በአራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ሞደም ይሻልዎታል ማለት ሙያ ነው። ነገር ግን ሞደሙን አምጥቶ ሳሎን ማስቀመጥ ብቻ ሥራ አይደለም። ወፍራም ድንጋይና ቆርቆሮ ጣራ ሞገዱን ይገድሉታል። ስልክ ይዞ ቤቱን መዞር፣ በየመስኮቱ የሲግናሉን ቁጥር መጻፍ፣ ደኅናውን −85 ከደካማው −110 መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። ሞደሙ የጓዳዋ መስኮት ላይ ተቀምጦ ቤቱን ሁሉ ሲያጠግብ፣ ሳሎን ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ግን ዝም ሊል ይችላል። የዳንቴሉን ነገር መናገር ቀላል አይደለም፤ ግን ዕቃው ይሞቃል፣ መነሳት አለበት።

ኢንተርኔት ያለ ሽቦ መምጣቱ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ወረዳኔት በሚባለው የመንግሥት ኔትወርክ ዘመን የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚገናኙት በሳተላይት ሳህን ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው እኩል ጀምሮ እኩል ዝም የሚለው ለዚህ ነበር።

አሁን ደግሞ ደንበኛው ሌላ ጥያቄ አለው፤ ከፍጥነቱም ከዋጋውም ይበልጣል። «ይቋረጣል?» ይላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰቆጣ ሲደርስ ከተማዋ ከስልክም ከመብራትም ተለያይታ ከርማለች። በውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት ቆጥሯል። ከዚያ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፋ፤ በአንዳንድ ከተሞች ግን በገመድ የመጣው ኢንተርኔት ይሠራ ነበርና ሰዉ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ ይሰበሰብ ነበር። ገመድ የማስገባት ፍላጎት ከዚያ ወዲህ ቢጨምር አይገርምም። የመስመር ሠራተኛው ግን ስለ መንገድና ስለ ጦር የሚያውቀው ከደንበኛው አይበልጥም። ማለት የሚችለው ይህ ገመድ ከምሰሶው እስከ ቤትዎ ድረስ ደኅና ነው የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ለክቶ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ ለሚለው ግን መልስ አለው። አብዛኛው የቤት መሣሪያ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ሶላር ያለው ቤት ከባትሪው በቀጥታ ሊያበላው ይችላል። ጥንቃቄው እዚህ ጋ ነው፦ ፀሐይ እየሞላችው ያለ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፤ መሀል ላይ ቮልቱን የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ ካልገባ መሣሪያው ይነዳል። ፕላስና ማይነሱንም ማገላበጥ እንዲሁ። ይህን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኞች ናቸው፤ የመስመሩ ሠራተኛ ደግሞ ሲያይ እንዳላየ ባያልፍ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ መሣሪያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ትቆማለች። ባለሙያው ከክዳኑ ሥር ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ ያስራል፤ አንድ ቀን ምሰሶው ይነሳል፣ ወይም ቤቱ ይታደሳል፣ ያኔ የሚመጣው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር። በቀዳዳው ዙሪያ የሚያሽገውን ነጭ ማሸጊያ ከቦርሳው ሲያወጣ የቤቱ እናት በእጃቸው ይከለክሉታል። ጠዋት ያቦኩት፣ ጭድ የገባበት ጭቃ በሰፌድ ላይ ተዘጋጅቷል። በአውራ ጣታቸው ገመዱን ዙሪያውን ይደፍኑታል፣ በመዳፋቸው ያለሰልሱታል፤ ሲደርቅ ከግድግዳው አይለይም።