ወዳጅ ያልተጻፈበት የሕይወት ታሪክ

በአዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ፣ ሣጥኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት፣ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የጽሑፉን አካሄድ ለቀብር የወጣ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከአባትና ከእናት ስም ይነሣል፣ የትውልድ ስፍራና ዘመን ይጠራል፣ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ የገባበትን ትምህርት ቤት፣ ያገለገለባቸውን መሥሪያ ቤቶች፣ ትዳር የመሠረተበትን ጊዜ፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ብዛት ይዘረዝራል፤ ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ማረፉን ገልጾ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይመኛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት የኖረው ወዳጁ አይነሣም። ወዳጅ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ያለቅሳል፤ ሟቹ በወዳጅነት የኖረው ኑሮ ግን ሳይነገር አፈር ይለብሳል። ይህ መቅረት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ሙትን የምናስታውስበት ሥርዐት ከሙሾ ወደ ንባብ ሲሻገር ዘመድነት ቦታውን እንደያዘ ተሻገረ፣ ወዳጅነት ግን ማዶ ቀረ። ዘመድም ወዳጅም የነበረ ሰው ሲሞት ደግሞ የሚታወሰው ግማሹ ብቻ ነው፤ አጎትነቱ ይነገርለታል፣ ምሥጢር ጠባቂነቱ አይነገርለትም።

ሙሾ ይህን ቦታ እንዴት ይሰጥ እንደነበር ለማየት አሠራሩን ቀረብ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ እንደሚታወቀው አልቃሿ ሁለት ሁለት ስንኝ እየገጠመች ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። ግጥሙ በአብዛኛው ሟቹን ራሱን ያናግራል፤ አንተ፣ አንቺ እያለ ይጠይቀዋል፣ ይወቅሰዋል፣ ይለምነዋል። ሰውን ለማናገር ደግሞ ተናጋሪው ከራሱ ቦታ መነሣት ግድ ይሆንበታል፤ እናት እንደ እናት፣ ሚዜ እንደ ሚዜ፣ ጎረቤት እንደ ጎረቤት ካልሆነ የሚያናግርበት አፍ አይኖረውም። ባለሙያዋ አልቃሽ ሟቹን የማታውቀው ከሆነ ጠባዩን፣ ሥራውን፣ ከማን ጋር ይውል እንደነበር ከቅርብ ሰዎች ትጠይቃለች። አዲስ ለቅሶ ደራሽ ሲገባም ሙሾው ወደ እርሱ ሊዞርና በእርሱና በሟቹ መካከል የነበረውን ሊያነሣ ይችላል። መወቀስም አለ፤ ሲታመም ያልጠየቀው፣ በክፉ ቀን የራቀው በሰምና ወርቅ ይወጋል። ስለዚህ ለቅሶው ወዳጅነትን በአደባባይ የሚመረምር ሸንጎ ጭምር ነበር ማለት ይቻላል። የሟቹ ማንነት በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ አይቀርብም፣ ያወቁት ሁሉ በየበኩላቸው ከሚያዋጡት ይሰበሰባል፤ የሚያዋጡትም በብዛት ሴቶች ናቸው፣ እነርሱ የሚያውቁት የቤትና የጓዳ ነገር ደግሞ በሌላ በየትኛውም የክብር ጽሑፍ አይገኝም።

የሽግግሩን ጅማሬ በአንድ ታላቅ ሰው ሥራ ውስጥ እናገኘዋለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ምስጢሩም ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ መሆኑን በርእሱ ላይ አስታወቁ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙና በዘመናቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የሚያስታውስ «የሕይወት ታሪክ» የተሰኘ መጽሐፍ አወጡ። በአምስት ዓመት ልዩነት ከአንድ ብዕር የወጡት እነዚህ ሥራዎች፣ እንደ እኔ ንባብ፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው፤ ማተሚያ ቤት በመጣበት ዘመን ሙት እንዴት ይታወስ? የመጀመሪያው የለቅሶውን ቃል አስቀድሞ አርሞ ያቀርባል፤ ለማንም ሟች ሊባል የሚችል ነውና ነውር የለበትም። ሁለተኛው ስለ አንድ ሰው ምን ምን መነገር እንዳለበት ይወስናል። ከሁለቱ መካከል የሚወድቀው ሊታረምም ሊመዘገብም የማይችለው ነው፤ ይህ ሰው ለዚያ ሰው ምን ነበር የሚለው። ኅሩይን በዚህ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ እርሳቸው ባይጽፉ ኖሮ ስንት ስም በጠፋ ነበር። ዛሬ በመቃብር ዳር የሚነበበው ሁሉ ከመጽሐፋቸው ተቀዳ ማለቴም አይደለም። ነገር ግን መዝገብ የሙት መታሰቢያ ዋና መልክ ሲሆን ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ከእርሳቸው ሁለት ሥራዎች በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የቆሙት ተቋማት የመዝገቡን መንገድ ተከትለዋል። እድር በከተማ ኑሯችን ካፈራናቸው ማኅበራት ሁሉ ለሐዘንተኛ የቀረበው ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ግን ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእህት ሞት የሚከፈለውን በየደረጃው ሲወስን ለወዳጅ የሚሆን መደብ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እንዲሁ ነው፤ የትዳር ጓደኛው፣ ተወላጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል። አብሮ አደጉን የቀበረ ሰው በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ዝምድና በማስረጃ ይረጋገጣል፣ በደረጃ ይቆጠራል፤ ወዳጅነት ግን ወረቀት የለውም፣ የሚመሰክርለት ወዳጁ ራሱ ብቻ ነው። ደንብም ሕግም የሚለካ ነገር ይሻሉ። በሙሾ ዘንድ ግን ማስረጃው ምስክርነቱ ራሱ ስለነበር የወረቀት እጦት ማንንም አያስቀርም ነበር።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሙሾ ግነት ነው፣ በገንዘብ የተገዛች አልቃሽ ፈሪውን ጀግና፣ ንፉጉን ለጋስ ታደርገዋለች ይባላል። እውነት አለው። ይሁን እንጂ የሚሰማው ሕዝብ ሟቹን ያውቀዋል፤ ያልነበረ ቸርነት ሲወደስ ለቀስተኛው ይቀዘቅዛል፣ እውነተኛው ሲነካ ግን ለቅሶው ይጋጋላል። በድምፅ ማጉያ የሚነበበው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ፈታኝ የለውም፤ እርሱም ሁሉን ደግ፣ ሁሉን ታታሪ ያደርጋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖት ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ትንሣኤን ተስፋ ከማያደርግ ሰው ሐዘን ትቆጥረዋለች፤ እስልምናም ዋይታን ይከለክላል፣ ሐዘንን ባሏ ከሞተባት ሴት በቀር በ3 ቀን ይወስናል። እነዚህ ተግሣጾች ሰውነትን ማቁሰልንና ተስፋ መቁረጥን የሚመለከቱ ናቸው እንጂ ስለ ሟች መልካም ነገር መመስከርን የሚከለክሉ አይደሉም። ሰልስቱ፣ 40ው፣ 80ው፣ ሙት ዓመቱ፣ በሌላውም ወገን ዱዓውና ሰደቃው ሰው ሟቹን ሊያነሣ የሚሰበሰብባቸው ቀናት ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ ሙሾም ቢሆን ዘር ይቆጥራል፣ የእገሌ ልጅ እያለ ይጀምራል፣ የባላባት ለቅሶና የድኻ ለቅሶ እኩል አልነበረም። ይህን መካድ አይቻልም። ሙሾ ከዘር ቢጀምርም ግን በዘር አይቆምም፤ የቀብሩ ንባብ የሚያልቀው ሙሾው ገና በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

ምስክርነት ሲታገድ ምን እንደሚሆን ቀይ ሽብር በግልጽ አሳይቶናል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ያኔ ዘመድነትም ከለላ አልሆነም። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ የድርጅት ሕይወታቸውን፣ የሚያነቡትን፣ የሚያልሙትን ወላጅ ሳያውቅ ጓደኛ ያውቅ ነበር፤ ያ ጓደኛም ወይ ተገድሏል፣ ወይ ታስሯል፣ ወይ ተሰዷል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ፎቶግራፎቻቸውንና ልብሶቻቸውን ይዟል። ስምና ፊት ተርፏል፤ ይህም ለወላጆቻቸው ብዙ ነው። ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ያለውን ሳቅ፣ ክርክር፣ የተጋሩትን ዳቦ የሚናገር ግን በሕይወት ያለ ጓደኛ ብቻ ነው፤ ያ ትውልድም አሁን በዕድሜ እያለፈ ነው።

የባሕር ማዶው ለቅሶ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው ከሀገር ቤት መርዶ ሲመጣ በማለዳ በር የሚያንኳኩት ብዙ ጊዜ ዘመዶቹ አይደሉም፤ ዘመድ ሩቅ ነውና ወዳጆቹ ናቸው። መርዶ የሚነግሩት፣ ቡና የሚያፈሉት፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግዱት እነርሱ ናቸው። እዚያው ሰው ሲሞትም ሬሳው ወደ ሀገር ቤት እስኪላክ ድረስ ስለ ሟቹ የሚናገር የሚገኘው ከወዳጅ ነው፤ ልጅነቱን የሚያውቅ ወንድም በአጠገቡ የለማ። ስደት ያስገደደውን ይህን ልማድ እዚህ በፈቃድ መቀበል ይቻላል፤ የሚነበበውን ጽሑፍ ልጆቹ ሲያዘጋጁ የአባታቸውን ወዳጅ አስቀምጠው ቢጠይቁት፣ ከሥራ ዘመኑና ከልጅ ልጆቹ ቁጥር ቀጥሎም ለዚያ ወዳጅ ቃል አንድ አንቀጽ ቢተዉለት።