ወጥ ቤቷን ማን ያስታውሳት?

መዓዛ መንግሥቴ የቅድመ አያቷን ታሪክ የሰማችው ስለ ሴት አርበኞች ልቦለድ መጻፍ ከጀመረች በኋላ ነው። ለጣሊያን ጦርነት ክተት ሲታወጅ ቅድመ አያቷ የቤቱ በኩር ነበረች፤ አባቷ ግን ጠመንጃውን ለባሏ ሰጠ። እሷም አባቷን ዳኛ ፊት አቁማ ከሰሰች፣ ረታች፤ ጠመንጃዋን አንግታ እየፎከረች ዘመተች። ይህ ሁሉ ወደ ደራሲዋ ጆሮ የደረሰው እንደዋዛ፣ ከእናቷ አፍ ነው።

ልቦለዱ «የጥላው ንጉሥ» እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ታትሞ በ2020 ከቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ሆኗል። እዚህም ነገሩ የሚጠነሰሰው ከጠመንጃ ነው። ወላጆቿ የሞቱባት ሂሩት የሰው ቤት አገልጋይ ናት። የቀራት የአባቷ ውጅግራ ነው፤ እሱንም ጌታዋ ኪዳኔ ለጦርነቱ ይወስድባታል። ኪዳኔ ለአገሩ የሚዋደቅ አርበኛ ነው፤ ሂሩትን የሚደፍራትም እሱው ነው። መዓዛ አንዱን በሌላው አላካካሰችም፤ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

ንጉሡ ሲሰደዱ መልኩ እሳቸውን የሚመስል ገበሬ በቦታቸው ይቆማል፤ ሂሩትም ጠባቂው ትሆናለች። ሰውየው «ምንም» ይባላል። የእንግሊዝኛው አንባቢ ትርጉሙን ይነገረዋል፤ የእኛ አንባቢ ግን ስሙን ሲሰማ ወርቁን አብሮ ያገኘዋል።

መጽሐፉ ድካምም አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ የሚያዳምጡባቸው መሸጋገሪያዎች ትረካውን ያንቀረፍፉታል፤ በዝማሬ መልክ የገቡት ምዕራፎችም አንዳንዴ ዓይናችን ያየውን መልሰው ይነግሩናል።

እኔን ያልለቀቀችኝ ግን ወጥ ቤቷ ናት። በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት ታገለግላለች፣ ዘመቻውንም ትከተላለች፤ ስሟ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም።

ይህን መጽሐፍ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዋ ማጂ ሆኖ ለሚያነብ ወጥ ቤቷ እንግዳ አይደለችም። ማጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ የዲዚ ሕዝብና የጎረቤቶቹ አገር ለባሪያ ፈንጋይ ተጋለጠ። ብዙ ሰው እየተነዳ ወደ መሃል አገር ተወሰደ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ። የተወሰዱት ሴቶች በየጌቶች ቤት ፈጩ፣ ጋገሩ፣ ውሃ ቀዱ። የጥንቱ ጦር ደግሞ ስንቁን ከሚሸከሙና ከሚያበስሉ ሴቶች ጋር ነበር የሚዘምተው። ጭብጦ ሳይጋገር ጥይት አይተኮስም።

የደራሲዋ ቅድመ አያት የምትከሰው አባት፣ የምትቆምበት ችሎት፣ የምትጠይቀው ጠመንጃ ነበራት፤ ታሪኳን የሚያቀብል ቤተሰብም ነበራት። ወጥ ቤቷ ከእነዚህ አንዱም የላትም። በ1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ በእንግሊዝ ሥር ተሰልፈው ጣሊያንን ሲወጉ የወደቁ የህንድ ወታደሮች እንኳ፣ ከአገራቸው ርቀው ቢሞቱም፣ በጦሩ መዝገብ ተጽፈው ስለነበር ስማቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ወጥ ቤቷን የመዘገበ ሻለቃ ግን የለም።

መዓዛ ስም አለማውጣቷ ትክክል ነው፤ የተቀማን ስም በልብ ወለድ መተካት ቀሚውን ማገዝ ይሆን ነበር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚፎክረው ጠመንጃ ላነሳችው ነው፤ ምጣድ ላይ የነበረችውም መዝመቷን በዚያው ድምፅ አይናገርም። አርበኛዋ የምትጠይቅላት የልጅ ልጅ ልጅ አገኘች። ከማጂ የተነዳችው፣ ወልዳ ከሆነ፣ የልጅ ልጆቿ ማጂ የት እንዳለች እንኳ አያውቁ ይሆናል።