“ደኅና ሂድ”፣ “ደኅና ቆይ”፦ የዙሉ ዕለታዊ አነጋገር በእንግሊዝኛ ልቦለድ

በዙሉ ቋንቋ የስንብት ቃሉ እንደ ተሰናባቹ ሁኔታ ይለያያል። ሂያጁ ለሚቀረው “ሳላ ካህሌ” ይላል፤ የሚቀረው ደግሞ “ሀምባ ካህሌ” ብሎ ይሸኘዋል። የቃላቱ ፍቺ “ደኅና ቆይ” እና “ደኅና ሂድ” ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ደራሲ አለን ፔተን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው “ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ” በተሰኘው ልቦለዱ እነዚህን አነጋገሮች በተለመደው የእንግሊዝኛ የስንብት ቃል አልተካቸውም፤ ቃል በቃል መልሷቸዋል። “ኡምፉንዲሲ” የሚለውን የቄስ መጠሪያ ግን እንዳለ ትቶታል።

ጄ. ኤም. ኩትሴ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው “ዋይት ራይቲንግ” በተባለው የሒስ መጽሐፉ ይህን የፔተንን ስልት ነቅፎታል። የነቀፌታው ፍሬ ነገር፣ በዙሉ ስም የቀረበው እንግሊዝኛ ቋንቋውን ጥንታዊና የዋህ፣ ተናጋሪውንም እንደዚያው ቀላል አስመስሎ ያሳያል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ይስማማል። ዕለታዊ አነጋገር በአገልግሎት ብዛት ምስሉ የደበዘዘ ነውና። “ሳዉቦና” የተሰኘው የዙሉ ሰላምታ ሲተነተን “አየንህ” እንደ ማለት ይሆናል፤ ሰላምታውን የሚሰጠው ሰው ግን ስለ ማየት እያሰበ አይደለም። እኛስ “እንደምን አደርክ” ስንል የሌሊቱን ዝርዝር እንጠብቃለን? ይህንኑ ሰላምታ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ተራውን ጎረቤት ወይ ባለቅኔ ወይ ወሬ ፈላጊ ያደርገዋል።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚጎላው ታሪኩ ከተማ ሲገባ ነው። በ1940ዎቹ ጆሐንስበርግ፣ ሶፊያታውንን በመሳሰሉ ሠፈሮቿ፣ አፍሪካንስን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር የቀየጠ የወጣቶች የአራዳ ቋንቋ ይነገር ነበር። ቃል በቃል የመመለሱ ዘዴ ለዚህ ቅልጥፍና ቦታ የለውም፤ የገጠሩን ሽማግሌም የከተማውንም ልጅ ወደ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ቅላጼ ይስባል።

ይሁን እንጂ ኩትሴን እስከ መጨረሻው መከተል አያስፈልግም። ፔተን የተለመደውን የእንግሊዝኛ ስንብት ተጠቅሞ ቢሆን ኖሮ ሂያጁንና ቀሪውን የሚለየው ነገር ይጠፋ ነበር። እኅቱንና ልጁን ፍለጋ ከመንደሩ ስለሚወጣ ቄስ በሚተርክ ልቦለድ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ “ሳዉቦና”ን በተራ የእንግሊዝኛ ሰላምታ መተካት ምንም አያጎድልም፤ ስንብቱ ግን ሌላ ነው። ለስንብቱ የሚሻለው፣ እንደ “ኡምፉንዲሲ” ሁሉ፣ ዙሉውን ራሱን ማስቀመጥ ይመስለኛል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ባረፉ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ደቡብ አፍሪካውያን ሳይቀሩ “ሀምባ ካህሌ” ብለው ሸኝተዋቸዋል።