ጠረጴዛ ላይ የቀረው ጥራዝ

መጽሐፍ በውሰት ሲወጣ ፊርማ አለው። ጆርናል ግን ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም፤ እዚያው ተነቦ እዚያው ያድራል። ስለዚህ የንባብ ክፍሉ ሲዘጋ ጋሪ እየገፋን ጠረጴዛ ላይ የቀረውን እንለቅማለን፤ ወደ መደርደሪያው ከመመለሳችን በፊትም ከርዕሱ ፊት ለፊት አንድ ጭረት እንጭራለን። ቆጠራ የምንለው ይኸው ነው።

የሚያስቸግረን ጨዋው አንባቢ ነው። «እባክዎ ያነበቡትን መልሰው አይደርድሩ» ብለን ብንለጥፍም፣ ትልልቆቹ መምህራን ዕቃ ጥሎ መሄድ ነውር ይመስላቸዋል። አንዱን «ይተዉት ጋሼ፣ እኛ እናነሳዋለን» ብላቸው «ለዚች ደግሞ አንተን ላድክም?» ብለው ጥራዙን ራሳቸው መለሱት። ጭረቷ ቀረች። ተማሪው ክምሩን እንዳለ ትቶ ስለሚወጣ፣ ቆጠራችን ከተመራማሪው ይልቅ ለፈተና የሚያጠናውን ያጎላል።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በአለን ኬንት መሪነት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ሥራ፣ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በስድስት ዓመት ውስጥ አንዴም እንዳልተዋሱ ሲያሳይ ብዙ አከራክሯል። አንዱ የክርክር ነጥብ ይኸው እዚያው ተነቦ የሚቀረው ነበር።

ጥራዙም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል አራት እትሞች ተለያይተው ሲነበቡ አራት ጭረት ያገኛሉ፤ አንድ ላይ ከተጠረዙ በኋላ ግን አንባቢው አራቱንም ቢያገላብጥ የሚመዘገበው አንድ ነው። የተጠረዘውንና ያልተጠረዘውን ለየብቻ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስጠራጠር የአንድ መደርደሪያ ጥራዞችን ወደ ጠርዙ ስቤ በአንድ መስመር አሰልፋቸዋለሁ። አንባቢ ሲመልስ እስከ መጨረሻው መግፋቱ ስለማይቀር፣ በሳምንቱ ወደ ውስጥ የገባው ተነክቷል። የጽዳት ሠራተኛዋን ቀድሜ ካልነገርኳት ግን ስትወለውል ሁሉንም ትገፋቸዋለች፤ ሳምንቱ ከንቱ ይቀራል።

ዜሮ ያየ ኃላፊ ለማስወገድ ይቸኩላል። የውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት የሕክምና ጆርናል ከሆነ አልከራከረውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ሂናሪ የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር ብዙዎቹን በኮምፒዩተር ስላመጣ፣ አንባቢው ወዴት እንደሄደ ይታወቃል። የአገር ውስጡ አሮጌ ቅጽ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከጭረቱ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?» መልሱ «አይገኝም» የሆነውን፣ ጭረት ባይኖረውም ከመደርደሪያው አላወርደውም።